ስለ መሄድና ስለ መቆየት

ለሰው ከሚገጥመው ምርጫ ሁሉ እጅግ የሚያስጨንቀው በክፉና በደግ መካከል ያለው አይደለም፤ ክፉውንና ደጉን የሚለይበት ሕሊና ተሰጥቶታልና። የሚያስጨንቀውስ ሁለቱም ደግ፣ ወይም ሁለቱም አስፈሪ በሚመስሉ ነገሮች መካከል መምረጥ ነው። ከእነዚህም አንዱ፣ ካሉበት ስፍራ መሄድ ይሻላል ወይስ መቆየት የሚለው ጥያቄ ነው። የሚሄደውን ሰው እግሩ የማይረጋ፣ ውለታ የማያውቅ ይሉታል፤ የሚቆየውን ደግሞ ዕድሉ ሲጠራው የማይሰማ ሰነፍ ይሉታል። ነቀፌታው ለሁለቱም ይደርሳል፤ ስለ ምን ሄደ፣ ስለ ምንስ ቆየ ብሎ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው።

ይህን ነገር ዛሬ የማነሣው በአሜሪካ ኮሌጆች ውስጥ ቅርጫት ኳስ ስለሚጫወቱ ወጣቶች ነው። ለዚህ ገጽ ኳስ ምኑ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በዚያ አገር ከተወለዱት የወገኖቻችን ልጆች በዚህ መንገድ የገቡ አሉ፤ አባቶቻቸውም ባላደጉበት ነገር መካሪ ለመሆን ተገደዋል። ለእኔም ጥያቄው የመጣው እንዲህ ካለ አንድ አባት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስልኝ።

ጨዋታው ራሱ የተወለደው በትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ ያወጣውም ሰው አስቀድሞ የነገረ መለኮት ተማሪ የነበረ ነው። ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል የካናዳ ተወላጅ በሞንትሪያል ከተማ ነገረ መለኮት ከተማረ በኋላ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ፣ እኛ ወወክማ የምንለው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ባቋቋመው ማሠልጠኛ ገብቶ አስተማሪ ሆነ። በ1891 ዓመት መጨረሻ ክረምቱ ከቤት ያዋላቸውን ተማሪዎች የሚያሠራ ጨዋታ እንዲፈልግ ታዘዘ። እርሱም ሁለት የኮክ ቅርጫቶች በአዳራሹ ሰገነት ላይ አስቸንክሮ፣ 13 ሕግ ጽፎ፣ 18 ተማሪዎችን ዘጠኝ ዘጠኝ አድርጎ አጫወታቸው። በዚያን ቀን ኳስ ቅርጫት ውስጥ የገባችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ይባላል። ያን ጊዜ ከጨዋታው የሚገኘው ትርፍ የአካል ብርታትና የጠባይ መታረም ብቻ ነበር፤ ገንዘብ ያስገኛል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ዛሬ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኤን ሲ ኤ ኤ የሚባለው የኮሌጆች የስፖርት ማኅበር ለብዙ ዘመን ያጸናው ሥርዐት፣ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው የሚዛወር የቅርጫት ኳስ ተጫዋች አንድ ዓመት ሙሉ ከውድድር ተከልክሎ እንዲቀመጥ ያዝዝ ነበር። በ2018 የዝውውር መዝገብ ተከፈተ፤ መሄድ የሚፈልግ ተማሪ ስሙን በዚያ ያስጽፋል፤ ሌሎችም ትምህርት ቤቶች ያን ጊዜ ሊያነጋግሩት ይችላሉ። በ2021 አንድ ጊዜ ሳይቀመጡ መዛወር ተፈቀደ። በ2024 ደግሞ ፍርድ ቤት በነገሩ ከገባበት በኋላ፣ ትምህርቱን በሚገባ የያዘ ተማሪ ደጋግሞ ቢዛወር እንዳይከለከል ተወሰነ። በ2021 ተጫዋቹ በስሙና በመልኩ ገንዘብ እንዲያገኝ ተፈቅዶለት ነበር፤ በ2025 ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ከገቢያቸው እንዲያካፍሉ የሚያስችል ስምምነት በፍርድ ቤት ጸደቀ። የመጀመሪያው ዓመት ልክም ለአንድ ትምህርት ቤት፣ ለስፖርተኞቹ ሁሉ በጠቅላላው፣ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። እንግዲህ በሰባት ዓመት ውስጥ አጥሩ ፈርሶ፣ ቤቱ ገበያ ሆነ።

በዚህ የሚያዝኑ ሽማግሌዎች በዚያ አገር ብዙ ናቸው። ታማኝነት ጠፋ፣ ወጣቱ ለገንዘብ አደረ ይላሉ። ኀዘናቸው ከንቱ ነው አልልም፤ ነገር ግን ፍርድ ሲፈረድ ሁለቱንም ወገን አይቶ ነው። ተማሪው ታስሮ በነበረበት ዘመን አሠልጣኙ አልታሰረም ነበር። ከፍ ያለ ደመወዝ የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ ሲጠራው፣ በእርሱ ታምነው የመጡትን ልጆች ትቶ ሲሄድ፣ አንድ ዓመት ተቀመጥ ያለው የለም። እረኛው ሲሄድ ሳይነቀፍ፣ በጉ ብቻ ስለ ምን ይነቀፋል? ስለዚህ የመሄድ ነጻነት ለተማሪው መሰጠቱ በእኔ ዐሳብ ቅን ነገር ነው። ነጻነት ግን በር ነው እንጂ መንገድ አይደለም፤ በሩ ከተከፈተ በኋላ ወዴት እንደሚሄዱ ማወቅ ለባለቤቱ ይቀራል።

የጻፈልኝ ወዳጄ በልጅነታችን ከአንድ ጉባኤ የተማርን ነው። ኋላ ወደ አሜሪካ ሄዶ በሜሪላንድ ግዛት ተቀመጠ፤ ሌሊት ታክሲ እየነዳም ሦስት ልጆች አሳደገ። ሁለተኛው ልጁ 20 ዓመቱ ነው፤ ቁመተ ረጅም፣ እጀ ቀልጣፋ ነው ይሉታል። በአንዲት ትንሽ ኮሌጅ ሁለት ዓመት በነጻ እየተማረ ሲጫወት ቆይቶ፣ በዚህ ዓመት ስሙ ሲነሣ አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ላከበት። አባትየውም እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «መሪጌታ፣ ይህ አሠልጣኝ ልጄን ማንም በማያውቀው ጊዜ የተቀበለ ሰው ነው። አሁን ትቶት ሊሄድ ያስባል። እኔ ኳሱን አላውቅም፤ ውለታን ግን አውቃለሁ። ሂድ ልበለው ወይስ ቆይ?»

ደብዳቤውን አንብቤ ብዙ አሰብሁበት። እኛ በቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች በሚሄድ ተማሪ ላይ ለመፍረድ የምንቸኩል አይደለንም። ዋድላ፣ ጎንጅ፣ ዋሸራ እያልን፣ ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ አንግተን፣ ከመምህር ወደ መምህር የዞርን ነንና። የአንዱን ቤት መንገድ ብቻ የሚያውቅ፣ ቅኔ በሌላ መንገድ ሲመጣበት ይደናገራልና፣ መዞር የትምህርቱ ክፍል ነበር። ነገር ግን ለመሄዳችን ሥርዐት ነበረው። ተማሪው የጀመረውን ትምህርት ይፈጽማል፤ መምህሩን ተሰናብቶ ተመርቆ ይወጣል፤ የሚሄድበትንም ቤት የሚመርጠው በዚያ ስላለው ዕውቀት ነው። ቁራሽ ወደሚበዛበት መንደር እግሩ የሚያዘነብል ተማሪ አልነበረም ብዬ አልምልም፤ እንዲህ ያለው ግን ሆዱን ሞልቶ ሲመለስ፣ ምን ይዘህ መጣህ ሲሉት የሚመልሰው አጥቶ ሲያፍር አይተናል።

ወደ ኳሱ ልመለስ። የዚህ ሁሉ ሩጫ ፍጻሜ ኤን ቢ ኤ የሚባለው የባለሙያዎች ማኅበር ነው። የበሩን ጥበት ግን ከወጣቶቹ ብዙዎቹ ልብ አይሉትም። በኮሌጆች የላይኛው ክፍል የሚወዳደሩት ትምህርት ቤቶች ከ350 ይበልጣሉ፤ እያንዳንዱ 13 ወይም 15 ተጫዋች ቢይዝ፣ ጠቅላላው ወደ 5000 ይጠጋል። ኤን ቢ ኤ 30 ቡድኖች አሉት፤ ለእያንዳንዱም 15 መደበኛ ስፍራ ቢቈጠር 450 ይሆናል፤ እርሱም አስቀድሞ በያዙት ሰዎች የተሞላ ነው። በየዓመቱ ድራፍት በሚባለው የምርጫ ሥርዐት የሚጠሩት 60 ያህል ብቻ ናቸው፤ በ2024 የተጠሩት 58 ነበሩ። ከእነዚህም ውስጥ ከኮሌጅ ያልመጡ፣ ከአውሮፓና ከሌላም አገር የተመረጡ አሉ። በመጀመሪያው ዙር የተጠራ የሁለት ዓመት ደመወዝ ዋስትና ያገኛል፤ በሁለተኛው ዙር የተጠራ ግን ሥርዐቱ ዋስትና አይሰጠውም፤ ውሉን ተደራድሮ ማግኘት አለበት። እንግዲህ ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ አንድ ነውን? የአራት ወጣቶችን ነገር እናስተያይ።

የመጀመሪያው ዳልተን ክኔክት ነው። ይህ ሰው በኮሎራዶ ግዛት በስተርሊንግ ከተማ በምትገኝ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ጀመረ። ከዚያ ወደ ሰሜን ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ሁለት ዓመት ተጫወተ፤ በመጨረሻው ዓመትም በየጨዋታው 20 ነጥብ ያህል ያስቈጥር ነበር። ከዚያ በኋላ ነው በ2023 ወደ ታላቁ ወደ ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረው። በዚያም በአንድ ዓመት የክፍሉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ፤ በ2024 ድራፍት 17ኛ ሆኖ በሎስ አንጀለሱ ሌከርስ ተጠራ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ይህ ሰው በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ በደንብ ቆሞ ነው ወደሚቀጥለው የወጣው።

ሁለተኛው ዛክ ኢዲ ነው። የቶሮንቶ ልጅ ነው፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ24 ሳንቲም ነው፤ ቅርጫት ኳስንም ዘግይቶ የጀመረ ነው። በ2020 ወደ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ2023 የአገሩ ሁሉ ኮከብ ተብሎ ሳለ፣ ቡድኑ በታላቁ ውድድር በመጀመሪያው ጨዋታ ደካማ ተብላ በተናቀች ትምህርት ቤት ተሸነፈ። ባለሙያዎችም ለኤን ቢ ኤ አይመችም፣ እግሩ ከባድ ነው ይሉት ነበር። ስሙን ለድራፍት ከሰጠ በኋላ መልሶ አውጥቶ፣ በዚያው ቤት አራተኛ ዓመቱን ተማረ። የውጭ አገር ተማሪ ስለ ነበረም ሌሎች እንደሚያገኙት ያህል በስሙ ገንዘብ ለመሥራት የመግቢያ ፈቃዱ ሕግ ያግደው ነበር። በ2024 ዳግመኛ የአገሩ ኮከብ ሆነ፤ ቡድኑም እስከ ዋንጫው ጨዋታ ደረሰ፤ በዚያ ቢሸነፉም እርሱ 37 ነጥብ አስቈጠረ። በድራፍቱም 9ኛ ሆኖ በሜምፊስ ቡድን ተጠራ። የቆየው ሰው ከሄደው ቀድሞ መጠራቱን ልብ ይሏል።

ሦስተኛው ዋልተር ክሌይተን ነው። ከፍሎሪዳ ግዛት ተነሥቶ በኒው ዮርክ ግዛት ወደምትገኘው ወደ አዮና ሄደ፤ በዚያም ሪክ ፒቲኖ በሚባለው የታወቀ አሠልጣኝ ሥር ሁለት ዓመት ተጫወተ። በ2023 አሠልጣኙ ሴንት ጆንስ ወደሚባል ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ክሌይተን ተከትሎት አልሄደም፤ ወደ ተወለደበት ግዛት፣ ወደ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2025፣ ፍሎሪዳ ሂዩስተንን 65 ለ63 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ እርሱም የፍጻሜው ውድድር ኮከብ ተባለ። በዋንጫው ጨዋታ በመጀመሪያው አጋማሽ አንድም ነጥብ አላገባም ነበር። በመጨረሻዋ ቅጽበት ግን ባላጋራው ሊወረውር ሲዘል ፈጥኖ ደርሶ አስጨነቀው፤ ያም ሰው ኳሷን ሳይወረውር ለቀቃት። ድሉ የጸናው ቅርጫት ውስጥ በገባች ኳስ ሳይሆን ባልተወረወረች ኳስ ነው። በዚያው ዓመት ድራፍት 18ኛ ሆኖ ተጠራ።

አራተኛው አፍሪካዊ ወንድማችን ኦስካር ሺብዌ ነው። የኮንጎ ሉቡምባሺ ተወላጅ ነው። ከዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ ኬንታኪ ተዛወረ፤ ከቅርጫቱ ሥር የሚመለሰውን ኳስ በመልቀም የሚተካከለው አልነበረም። በ2022 የአገሩ ሁሉ ኮከብ ተባለ። ከኬንታኪ የሚበልጥ ስመ ጥር ቤት በዚያ አገር ከቶ ጥቂት ነው። ሆኖም በ2023 ድራፍት ስሙን የጠራ የለም። የኮሌጁ ምስጋና በኤን ቢ ኤ ሚዛን ሲመዘን፣ ከቅርጫቱ ርቆ መወርወርና ርቆ መከላከል ይጠየቅበታልና። እርሱ ግን ተስፋ አልቈረጠም። ጂ ሊግ በሚባለው በታችኛው ማኅበር ገብቶ በ2024 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ፤ ወደ ላይኛውም በሁለት ወገን ውል፣ በታችኛውና በላይኛው መካከል እየተመላለሰ ለመጫወት ገባ።

ከእነዚህ አራቱ ምን እንማራለን? መሄድ ብቻውን እንደማያስጠራ፣ መቆየትም ብቻውን እንደማያስቀር ነው። ትልቁ ቤትም ለሁሉ አያማልድም። እንደ እኔ አስተያየት ልዩነቱ ያለው፣ ሰውየው በገባበት ቤት ውስጥ የጐደለውን መማሩና አለመማሩ ላይ ነው።

ይህን ሳሰላስል ወዳጄ በስልክ ከልጁ ጋር አገናኘኝ። አማርኛው ቢሰባበርም ትሕትና ያለው ልጅ ነው። «ጋሼ፣ እዚህ ብቆይ ማን ያየኛል?» አለኝ። እኔም፦ «ልጄ፣ እዚያስ ብትሄድ ማን ያስተምርሃል?» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፦ «አልጠየቅኋቸውም» አለ። ስንት ትከፍላላችሁ፣ በቴሌቪዥን ስንት ጊዜ እታያለሁ ብሎ ግን ጠይቆ ነበር። በዚህ አልነቀፍሁትም፤ የታክሲ ነጂ ልጅ ነው፤ የአባቱን የሌሊት ድካም እያየ ያደገ ልጅ ገንዘብ ቢያስብ ኀጢአት አይደለም። መታየትን በተመለከተ ግን ስጋቱ ከልክ ያለፈ ይመስለኛል። ጃ ሞራንት በኬንታኪ ግዛት ባለችው በትንሿ መሪ ስቴት ሁለት ዓመት ተጫውቶ፣ በ2019 ከአገሩ ሁሉ ሁለተኛ ሆኖ ተጠርቷል። ስቲፈን ከሪም በዴቪድሰን ሦስት ዓመት ቆይቶ በ2009 7ኛ ሆኖ ተጠርቷል። መብራት ከጎጆም ቢሆን በሩቅ ይታያል።

ስለዚህ ልጁ ከመወሰኑ በፊት ለሁለቱም አሠልጣኞች ሦስት ጥያቄ እንዲያቀርብ መከርሁት። የመጀመሪያው፦ የእኔ ጕድለት ምን ይመስልሃል፣ በምንስ መንገድ ታቃናልኛለህ? የሚል ነው። ምስጋና ብቻ የሚመልስ ገዢ ነው፤ ጕድለቱን የሚነግረው መምህር ነው። ሁለተኛው፦ በእኔ ስፍራ የሚጫወቱ ስንት ሰዎች አሉህ፣ ከሜዳ የምገባውስ ስንት ደቂቃ ነው? የሚል ነው። በትልቅ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ከመዋል፣ በትንሽ ቤት ላብን ማፍሰስ ይሻላልና። ሦስተኛው፦ እስካሁን ከተማርሁት ትምህርት ምን ያህሉ ይቈጠርልኛል፣ ዲግሪዬንስ መቼ እፈጽማለሁ? የሚል ነው። በአንዱ ትምህርት ቤት የተፈጸመ ትምህርት በሌላው ሳይቈጠር የሚቀርበት ጊዜ አለና፣ ሦስት አራት ጊዜ የተዛወረ ልጅ ኳሱም ወረቀቱም ሳይኖረው፣ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ሦስተኛውን ጥያቄ ልጁ እንደ ቀላል ነገር ሊያልፈው ነበር። እኔ ግን ያዝሁት። ከ5000 ውስጥ 60 ሰው በሚጠራበት አገር፣ ለማይጠራው ሰው የሚቀረውን ማሰብ ተስፋ መቍረጥ አይደለም። የሚጠራውም ቢሆን ጕልበቱ አንድ ቀን ቢጐዳ፣ ወይም ዕድሜው ሠላሳውን ሲያልፍ፣ ሜዳውን መልቀቁ አይቀርም። የቅኔ ሰዎች ሰምና ወርቅ እንደምንለው፣ ጭብጨባውና ነጥቡ የዚህ ሥራ ሰሙ ነው፤ ወርቁ ልጁ ከሜዳ ሲወጣ ይዞት የሚወጣው ነው። ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ካልተገኘ፣ ቀድሞም ወርቅ አልነበረበትም።

ለአባቱ የጻፍሁለት ሌላ ነው። «ወንድሜ ሆይ፣ መሄድ ክሕደት አይደለም፤ ክሕደት የሚሆነው ሳይናገሩ መሄድ ነው። ልጅህ የሚሄድ ቢሆን፣ ስሙን በመዝገብ ከማስጻፉ በፊት ወደ አሠልጣኙ ቤት ሄዶ፣ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ያደረገለትን ቈጥሮ ያመስግነው። ቢቻል አንተም አብረኸው ሂድ። የሚቆይም ቢሆን፣ አንተን ፈርቶ አይቆይ፤ አንተን ፈርቶ የቆየ ልጅ ባልተጠራ ቁጥር አንተን ይወቅሳል። ውለታ የልጁን እግር የምታስርበት ገመድ አይሁን፤ በሄደበት ሁሉ የሚከተለው ምርቃት ይሁን።» የመዝገቡ በር የሚከፈተው የውድድሩ ዓመት ሲያበቃ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ በእነዚያ ቀናት ስልኩ ያለ ዕረፍት ይጮኻል፤ ደላላውም ይበዛል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለእንዲህ ያለው ሰሞን ነው። ጥያቄው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ሊቆይ የሚገባውም ስለዚህ ነው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጁ ደውሎ የመልሱን ነገር ነገረኝ። የትልቁ ቤት አሠልጣኝ ለመጀመሪያው ጥያቄ ሳይመልስ ስለ አዳራሹ ስፋት ተናግሮ ነበር። የትንሿ ኮሌጅ አሠልጣኝ ግን፣ ግራ እጁ እንደሚደክምና በሩቅ ሲወረውር ክርኑ እንደሚከፈት ነግሮት፣ አንድ ዓመት ቢሰጠው ምን ሊያደርግለት እንደሚያስብ በወረቀት ጽፎ ሰጠው። ምን እንደሚወስን አልጠየቅሁትም፤ ውሳኔው የእርሱ ነውና። ድምፁ ግን ከቀድሞው የረጋ ነበር።

በዚህ ጨዋታ አንድ ሕግ አለ። ኳስ ይዞ የቆመ ተጫዋች አንድ እግሩን ተክሎ፣ በሌላው እግሩ ወደ ፈለገበት አቅጣጫ ሊዞር ይችላል፤ ቢፈልግ አሥር ጊዜ ይዙር፣ ማንም አይከለክለውም። የተተከለውን እግር አንሥቶ መልሶ ቢያሳርፍ ግን ዳኛው ፊሽካውን ይነፋል፤ ኳሷም ለባላጋራ ትሰጣለች። ልጆቻቸውን በሩቅ አገር ለሚያሳድጉ አባቶች የምናገረው ከዚህ አይበልጥም። ልጆቻችሁ ዓለሙ እንደሚያዞራቸው መዞራቸው አይቀርም፤ አትከልክሏቸው። የምትጠይቋቸው ግን፣ የቱን እግር ተክላችሁ ነው የምትዞሩት ብላችሁ ይሁን።